ትወድቃለህ!

ደሴ ከገባን ዛሬ 5ኛ ቀናችን ነው። ዝናቡ አልለቀቀንም፣ የጦሳ ተራራም ጉሙን ለብሶ አንድ ቀን እንኳ አናቱን አላሳየንም። ልጄ 4 ዓመቱ ነው። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ሁለት ጊዜ አስመለሰው፤ ገና ከመኪና እንደወረደ ግን «ማሚ፣ መጫወቻ ቦታው የት ነው?» አለኝ። እናቴ ግቢውን በእጇ አሳየችው። «ይኸው፣ ይሄ ሁሉ ያንተ አይደል እንዴ?»

የሱ መጫወቻ ያለው ፍራንክፈርት ነው፣ ከቤታችን ቢበዛ 5 ደቂቃ ቢያስኬድ ነው። ዥዋዥዌ፣ ሸርተቴ፣ የገመድ መሰላል፣ ባለቤቱ የማይታወቅ አካፋና ባልዲ የሞላበት አሸዋ። መጀመሪያ ሰሞን ስወስደው አፌ አያርፍም ነበር። «ቀስ! ተው! ውረድ! ትወድቃለህ!» ሌሎቹ እናቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ቡናቸውን ይጠጣሉ፣ ልጆቻቸው ገመዱ ጫፍ ላይ እንደ ጦጣ ተንጠልጥለዋል። እውነቱን ለመናገር ታዝቤያቸዋለሁ።

አንድ ቀን የኔው ከመሰላሉ ላይ ዱብ አለ። ልቤ ቀጥ! እሱ ግን አሸዋውን አራግፎ ተመልሶ ወጣ። ለካ መሬቱም ታስቦበት ነው። በአውሮፓ መመዘኛ ልጅ ከመጫወቻ ላይ ሊወድቅ የሚችልበት ከፍታ ከ3 ሜትር መብለጥ የለበትም፣ ከሥሩም አሸዋ ወይም የእንጨት ቅርፊት ይደለደላል። እኔ ያደግኩበት መሬት ድንጋይ ነው። እናቴ «ትወድቂያለሽ» ስትል ግንባርሽ ይፈነከታል ማለቷ ነበር፣ ጉልበቴ ላይ ያሉት ሁለት ጠባሳዎች ምስክር ናቸው።

ጩኸቴም ያሳቅቀኝ ነበር፣ ጎረቤት ይቆጣል ብዬ። ኋላ ነው አንዲት ሐበሻ ጓደኛዬ የነገረችኝ፤ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2011 ሕጓን አሻሽላ ከመጫወቻ ቦታ የሚወጣ የልጆች ድምፅ በመሠረቱ እንደ ረብሻ አይቆጠርም ብላለች። ስለ እናቶቻቸው ጩኸት ግን የተባለ ነገር የለም።

ትናንት ዝናቡ ጋብ ሲል ወጣ አልን። ልጄ የደሴን ቁልቁለት ልክ እንደዚያ አሸዋ ነው የሮጠበት። ኮብልስቶኑ ላይ ተዘረጋ፣ ጉልበቱ ተላጠ። ሲያለቅስ ከሕመሙ ይልቅ መሬቱ የከዳው ነው የሚመስለው። እኔ ሳልደርስ የማላውቃቸው እናት አንስተውታል፤ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫውን እየጠረጉ «አብሽር የኔ ጌታ፣ አብሽር» ይሉታል። ወደኔ ዞር ብለው ደግሞ «አንቺ ልጅ፣ በዚህ ጭቃ ሕፃን እንዲህ ይለቀቃል?» አሉኝ። ፍራንክፈርት ቢሆን ከማንሳታቸው በፊት በዓይናቸው ያስፈቅዱኝ ነበር። ደስ አለኝ ልበል ብል፣ እጄ ያኔ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ አፍንጫውን እንደገና የምጠርግበት ሶፍት ፍለጋ። አፈርኩ።

ዛሬ ጠዋት የሰፈሩ ልጆች ከግቢያችን ጀርባ ያለውን ተዳፋት ሸርተቴ አድርገውታል። የተቀደደ ጀሪካን ላይ እየተቀመጡ ጭቃውን ቁልቁል ነው። የኔው ጉልበቱ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ተራ ይዞ ቆሟል (ተራ መያዝን ያስተማረችው ፍራንክፈርት ናት፣ እዚህማ የቀደመ ይቀመጣል)። አላስቻለኝም። በሩ ላይ ሆኜ «ትወድቃለህ!» ብዬ ጮኽኩ።

እዚያ እንዲህ ስጮህ ዞር የሚለው እሱ ብቻ ነው። እዚህ ሁሉም ዞሩ፣ ከሱ በቀር። እሱ ጀሪካኑን ይዞ ሄዷል።