ሃይላንድ ካውንቲ፦ የአጋዘን አደን ለማየት ሄጄ

አሜሪካ፣ ቨርጂንያ ውስጥ ካለችው አሌክሳንድሪያ በ66 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ፣ በ81 ወደ ደቡብ እስከ ስታንተን ከተማ፣ ከዚያ በጠመዝማዛው 250 ሽቅብ ነው መንገዱ። ቨርጂንያ ውስጥ እንዲህ ያለ ደጋ ያለ አይመስልም። ብርዱ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው። የሥራ ባልደረባዬ በአጎቱ እርሻ አጋዘን ሲያድን ለማየት ነበር የሄድኩት፣ ኅዳር መጀመሪያ ላይ። ጠመንጃ ባልይዝም ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ አስለበሰኝ። አዳኝን የሚያጅብ ሰውም መልበስ አለበት፣ ሕግ ነው። አጋዘን ቀለሙን እንደኛ ለይቶ አያየውም፤ ሌላው አዳኝ ግን ያየዋል።

እዚያ አካባቢ አጋዘን እንደ ጉድ ነው። መኪና መንገድ ላይ ዘሎ ይገባል፣ የጫካውን ችግኝ ገና ሳያድግ ግጦ ይጨርሰዋል። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ ሥጋና ቆዳውን ለገበያ የሚያቀርቡ አዳኞች ከብዙ ቦታ ሊያጠፉት ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ የአደን ወቅት ተወሰነ፣ በ1937 ደግሞ ከጠመንጃና ከጥይት የሚሰበሰብ ግብር ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል ሕግ ወጣ። አጋዘኑ ተመለሰ፣ ይበላው የነበረው ተኩላ ግን ከዚያ አገር እንደጠፋ ቀረ።

ገና ሳይነጋ ዛፍ ላይ ከተሠራች ማማ ወጥተን ተቀመጥን። ዝም ብሎ መቀመጥ እንዲህ ጆሮ እንደሚከፍት አላውቅም ነበር። ቅጠል ሲወድቅ ትሰማለህ። ሲነጋጋ አንድ ቀንዳም ወንድ ከቁጥቋጦው ወጣ፣ እንዴት ያለ ግርማ! ባልደረባዬ አነጣጠረ፣ ቆየ፣ ከዚያ ጠመንጃውን አወረደ።

«ጀርባውን ሰጥቶኛል» አለኝ በሹክሹክታ። «ሆዱን ብመታው ቀኑን ሙሉ ሲሠቃይ ይውላል።»

ሰውዬውን ያመንኩት ያኔ ነው።

በኋላ አንዲት እንስት መጥታ በጎኗ ቆመች። ከትከሻዋ ኋላ መታት። ዘለለችና ጫካው ውስጥ ገባች። ወዲያው ብንከተላት ደንግጣ ርቃ ትሄዳለች ብሎ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀመጠኝ፣ ያቺ ግማሽ ሰዓት ደግሞ አላልቅ አለችኝ። ስንወርድ የዋርካ ቅጠል በሚያህል ደረቅ ቅጠል ላይ ደም አገኘን፣ ሮዝ፣ አረፋ ያለው። ሳንባዋን አግኝቷታል ማለት ነው። ብዙም ሳትርቅ ወድቃለች። ዓይኗን በእንጨት ጫፍ ነካ አድርጎ መሞቷን አረጋገጠ፣ ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ። እኛ አገር አዳኝ ገዳይ ሲል ይፎክር ነበር፤ እዚህ ማንም አልፎከረም።

ለምን ሴቷን? እንስት አጋዘን ብዙ ጊዜ መንታ ትወልዳለች፣ አንድ ወንድ ደግሞ ለብዙ እንስቶች ይበቃል። ቁጥሩ በዛ ከተባለ መቀነስ ያለባቸው እንስቶቹ ናቸው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቀንድ ብቻ ፍለጋ እየመጣ «ተፈጥሮን እየጠበቅኩ ነው» የሚለውን ሰው እኔ አልቀበለውም። ለሥጋው የመጣውንና ሳያረጋግጥ የማይተኩሰውን ግን ጨካኝ ልለው አልችልም፤ ዶሮ እንዴት እንደኖረች ሳልጠይቅ ከሱፐርማርኬት ገዝቼ ወጥ የምሠራ ሰው ነኝና። ደስታውንም አልክድም። ጥይቱ ሲጮህ ልቤ ዘሎ ነበር፣ በድንጋጤ ብቻም አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ቆዳዋን ገፎ ብልቷን አወጣ። ቨርጂንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ አዳኞች የአጋዘን ሥጋ ለችግረኞች የሚሰጡበት ዝግጅት አለ፣ ከፊሉን ለዚያ ለየው። ለእኔም ሽንጡን ሊያሲዘኝ ፈለገ፣ አመስግኜ ተውኩት። በስመ ሥላሴ ያልታረደ ሥጋ ነው።

ለሚቀጥለው ዓመት ራሴ ፈቃድ ላወጣ አስቤያለሁ፣ የአዳኞች ትምህርቱንም ልወስድ። ከዚያ በፊት ግን የሥጋውን ነገር የንስሐ አባቴን እጠይቃለሁ። አይበላም ካሉኝ ፈቃዱን አላወጣም፤ የማልበላውን ለምን እገድላለሁ?