የከተማ ዳር ኮንሰርት፦ ቤዙ ጎረቤት ቤት ሲገባ

ለሜዳ ኮንሰርት ሳውንድ ስለማቆም የሚመክራችሁ ሰው አይጠፋም። ስንት ሺህ ዋት፣ ስንት ስፒከር፣ የየትኛው አገር ሥሪት፤ ሁሉም ይነግራችኋል። ከመድረኩ ጀርባ ስላለው ቤት ግን ትንፍሽ የሚል የለም። ለእኔም የነገረኝ ስላልነበረ ልጻፈው ብዬ ነው።

ቦታው የአዲስ አበባ ጠርዝ ነው። ከለገጣፎ እስከ ሰበታ በሚዞረው ዳርቻ አንዱ ጥግ በሉት። የቱ እንደሆነ አልናገርም፤ ነገም ፈቃድ የምጠይቀው እነዚያኑ ሰዎች ነው። በአንድ በኩል የጤፍ ማሳ፣ በሌላው በኩል ግማሹ ገና ቀለም ያልነካው አዲስ ሰፈር። ኪራዩ ርካሽ ነው፣ መኪና ማቆሚያውም ሰፊ። ወደ 600 ሰው ጠበቅን። ሙሉ ባንድ ከነክራሩ፣ ከነማሲንቆው፣ ከነከበሮው።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ላሳልፈው። መድረኩን ተከራየን፣ ሚክሰሩ የራሴ ነው። ማሲንቆው ላይ ትንሽዬ ማይክ ቆነጠጥንበት፣ ክራሩን በኬብል በቀጥታ ወደ ሚክሰር አስገባነው። ጄኔሬተሩ ላይ ግን አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታው በጨመረ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ በየ100 ሜትሩ ወደ 1 በመቶ ገደማ። ስለዚህ 60 ኬቪኤ ተብሎ የተለጠፈበትን 60 ይሰጠኛል ብላችሁ አትከራዩ። አከራዩ ይምላል። ይማል።

ስፒከር ላይ ደግሞ ላይን አሬይ (አንዱ ከአንዱ ሥር ተደርድሮ የሚሰቀለው ስፒከር) ካልተሰቀለ ኮንሰርት አይመስለንም የሚሉ አሉ። ላይን አሬይ ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን ጥቅሙ ከርዝመቱ ነው የሚመጣው። በየጎኑ አራት ሳጥን ሰቅሎ ላይን አሬይ አለኝ ማለት ለፎቶ ካልሆነ ብዙም አይረባም። ለ600 ሰው በደንብ የቆመ ተራ ስፒከር ይበቃል።

ጉዱ ፈቃዱ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቢሮ ቦታው የእኛ አይደለም አለኝ። ሁለተኛው ደግሞ የእነሱ ነው ብሎ መለሰኝ። ከተማ ዳር ይሄ ያለ ነው። ሸገር ከተማ ከተቋቋመ ወዲህ ሜዳችሁ በየትኛው ወሰን እንደሚውል አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ደብዳቤውንም በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም አዘጋጅታችሁ ሂዱ። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ሜዳውን የሚያይ ባለሙያ ተመደበልኝ።

ሰውየው መጣ፣ ዞር ዞር ብሎ አየ። “መድረኩ ፊቱን ወደ ማሳው ያዙር፤ ቤቶቹ ከኋላ ይሁኑ” አለ። እንዲህማ አይሆንም አልኩት። ቀጭኑ ድምፅ ስፒከሩ ወደዞረበት ይሄዳል። ቤዝ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ ግን እንደ ጭስ ነው፤ ፊት ብትሰጠውም ጀርባ፣ ሁሉም ጋ ይደርሳል። ነገሩ ምሥጢር የለውም። ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ የ60 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ የሚርገበገብ ቤዝ፣ አንዱ ሞገድ ብቻ ከ5 ሜትር ተኩል ይበልጣል። አንድ ሜትር የማትሞላ ሳጥን ያን ሞገድ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዛ ልታስኬደው አትችልም፤ ዞሯት ይሄዳል። “ወንድሜ፣ እኛም እኮ ጆሮ አለን” አለኝና ፈቃዱ ላይ ጻፈው፦ መድረኩ ወደ ማሳው ይዙር። ተጻፈ ማለት አለቀ ማለት ነው።

የዕለቱ ዕለት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሳውንድ ቼክ አደረግን። ያው ባለሙያ መጥቶ ቤቶቹ አጥር ሥር ቆሞ አዳመጠ። “ይሄ ምን አለው? በርታ” ብሎኝ ሄደ።

እዚህ ላይ ነው ማንም ያላስጠነቀቀኝ ነገር። ወሩ ጥቅምት ነበር። ቀን ላይ ፀሐዩ መሬቱን ስለሚያሞቀው ከታች ያለው አየር ከላዩ ይሞቃል፤ ድምፁም ወደ ሰማይ እየታጠፈ ያመልጣል። ሲመሽ ነገሩ ይገለበጣል። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሌለበት የጥቅምት ምሽት ላይ መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ብርዱ ከታች ይተኛል፣ ሞቃቱ አየር ከላይ ይሆናል። ድምፅ በሞቃት አየር ውስጥ ስለሚፈጥን ወደ ላይ የወጣው ታጥፎ ወደ መሬት ይመለሳል። ቀን ያልተሰማው ሰፈር ማታ ይሰማዋል። የ9 ሰዓት ፍተሻ ለሪፖርት ይሆናል እንጂ ስለ ማታው አንዳች አይነግራችሁም።

ማታ 2 ሰዓት ግድም፣ ሕዝቡ ገና መሞቅ ሲጀምር፣ ሰውየው ሁለት ፖሊስ አስከትሎ ከተፍ አለ። ስልኩን አወጣ፣ አፕሊኬሽን ከፈተ፣ ቤዝ ስፒከሩ አፍ ላይ ተደቅኖ ለካ። “102! ሕጉ 55 ነው የሚለው!”

ቁጥሩን ከኪሱ አላወጣውም። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት በወጣው የድምፅ ደረጃ የመኖሪያ ሰፈር ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ነው፤ ሌሊቱ የሚጀምረው ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። የተቃጠልኩት በለካበት ቦታ ነው። ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ ወደ 6 ዴሲቤል ይወርዳል። 2 ሜትር ላይ 102 የነበረው 4 ሜትር ላይ 96፣ 8 ሜትር ላይ 90 እያለ 128 ሜትር ላይ በግምት 66 ይደርሳል። 66ም ከ55 ይበልጣል፣ አልካድኩም። ግን 102 አይደለም።

“ጌታዬ፣ ይሄ የሚለካው እኮ ሰው በሚኖርበት ደጃፍ ላይ ነው። ይምጡ፣ አብረን ሄደን እንለካ” አልኩት።

“አንተ ነህ ሕግ የምታስተምረኝ?” አለኝ። ፖሊሶቹ ወደ ጄኔሬተሩ አዩ። ቀነስኩ።

ስቀንስ ሕዝቡ ያፏጭ ጀመር። “ድምፅ! ድምፅ!” ዘፋኙ ከመድረክ ላይ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። በሩ ላይ ገንዘባችን ይመለስ የሚሉ ተሰለፉ። ሰውየው ስልኩን አየ፣ ቁጥሩ ወርዷል፣ ደስ ብሎት ሄደ።

ሚክሰሩን ለረዳቴ ትቼ ከመድረኩ ጀርባ ወዳለው የመጀመሪያ ቤት ሄድኩ። አንዲት እናት ነጠላቸውን ደርበው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ከውስጥ ቡፌው ላይ ያለው ብርጭቆ ይንጫረራል። እዚያ ቆሜ ስሰማ ዘፈን የሚባል ነገር የለም። ቃል የለም፣ ክራር የለም። ድም፣ ድም፣ ድም ብቻ።

“እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን” አልኳቸው።

“ልጄ፣ ዘፈኑን እንኳ ብሰማው ምን ነበረበት? ይሄ እኮ ደረቴን ነው የሚደበድበኝ” አሉኝ።

ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ያመጣው ይሄንን ነው። ዜማውን ለማሳው ሰጥቶ ቤዙን ለእማማ። ቁጥሩም አይረዳም፤ ብዙዎቹ የስልክ መለኪያዎች የሚያሳዩት ዴሲቤል ኤ የሚባለውን ነው፣ እሱ ደግሞ ቤዝን አሳንሶ ነው የሚቆጥረው። ኤ ወርዶ ብርጭቆው ሊንጫረር ይችላል። መለኪያ ስትገዙ ሲ የሚል፣ ቤዝን ያን ያህል የማያሳንስ ምርጫ ያለውን ግዙ፣ ሁለቱንም አንብቡ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የምሠራው። ቤዝ ስፒከሮቹን በሦስት በሦስት እደረድራለሁ፤ ሁለቱ ወደ ሕዝቡ፣ አንዱ ወደ ኋላ። ወደ ኋላ የዞረው ፖላሪቲው ተገልብጦ (ሌሎቹ ሲገፉ እሱ እንዲስብ)፣ በፕሮሰሰር፣ ድምፁን በሚያስተካክለው መሣሪያ፣ ትንሽ እንዲዘገይ ይደረጋል። ከኋላ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ፣ ከፊት ይደመራሉ። ካርዲዮይድ ይሉታል። ከፊት ትንሽ ጉልበት ይበላል፣ ከግድግዳም መራቅ አለበት፤ አጥር ላይ ካስጠጋችሁት ድካማችሁ ከንቱ ነው። ከኋላ ያለው ልዩነት ግን በጆሮ የሚታወቅ ነው። ዋናውን ስፒከር ከማስጮህ ደግሞ 30 ሜትር ላይ ትንንሽ ስፒከሮች አቁሙና የዋናው ድምፅ እዚያ እስኪደርስ ወደ 88 ሚሊሰከንድ አዘግዩአቸው። የኋላው ሰው በደንብ ይሰማል፣ የፊቱ አይደነቁርም።

ፈቃድ ላይ ደግሞ ድምፁ የት ቆሞ፣ በምን መለኪያ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚለካ ካልተጻፈ አትፈርሙ። በመሥሪያ ቤት “ከተፈቀደው መጠን ሳያልፍ” ይበቃል ይሏችኋል። አይበቃም። 55 ዴሲቤል ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ ሲያወራ የሚያሰማው ያህል ነው። በዚህ ቁጥር ከሄድን ድንኳን ተጥሎ የሚደገስ ሰርግም፣ በየሰፈሩ የሚጮኸው ሞንታርቦም ሁሉ ሕገወጥ ነው። ጎረቤቱን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፣ ስልካችሁን ስጧቸው። እማማ አሁን ቤዙ ከበዛ የሚደውሉት ለእኔ ነው።

በቅርቡ እዚያው ሜዳ ላይ ስንሠራ አዲስ ተቆጣጣሪ መጥቶ ነበር። መድረኩን ዞሮ አየና ቆም አለ። “ይሄኛው ስፒከር ተሳስቶ ወደ ቤቶቹ ዞሯል። አስተካክለው” አለኝ።

“እሺ ጌታዬ” አልኩት። አላዞርኩትም።