አሮጌ ዕቃ ቤት ሲታደስና ሲሰፋ

በጎጃም ገዳማትና አድባራት የብራና መጻሕፍት የሚቀመጡበት ዕቃ ቤት አብዛኛውን ጊዜ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ ነው። እንዲህ ያለ ግንብ ከመሬት የሳበውን እርጥበት በገጹ ያተናል። በስሚንቶ ሲለሰን መውጫው ይዘጋና ውኃው ወደ ውስጥ ዞሮ መጻሕፍቱን ያገኛቸዋል። ልስኑ ሲሰነጠቅ ደግሞ ዝናብ ያስገባል እንጂ አያስወጣም።

ልስኑ የኖራ ይሁን። መርጡለ ማርያም ያለው የ17ኛው መቶ ዓመት ፍርስራሽ ኖራ የእኛን ክረምት እንደሚችል ያሳያል። የኖራ ድንጋዩም ሩቅ አይደለም፤ በደጀን በኩል የዓባይ ሸለቆ ሞልቶታል። የተቃጠለውን ኖራ በጉድጓድ ውኃ አጥግቦ ቢያንስ 3 ወር ማቆየት ያስፈልጋል። ውኃ ያልጠገበ እንክብል ከቀረ ግድግዳው ላይ ካበጠ በኋላ ይፈነዳል። ለ1 እጅ ኖራ 3 እጅ የታጠበ አሸዋ ይበቃል። አንዱ ድርብ ከ1 ሳ.ሜ. አይወፍር፤ ለሳምንት ያህል በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን። ጥቅምት ጥሩ ወር ነው።

ሣር ክዳን በቆርቆሮ ሲተካ ሌሊት ቆርቆሮው ያልበዋል፤ ጠብታው መጻሕፍት ላይ ይወርዳል። ከሥሩ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተትቶ ኮርኒስ ይሠራ፤ የአዊ ቀርከሃ ለዚህ ይመቻል። የወለሉ አግዳሚ የሚበሰብሰው ግንብ ውስጥ በተቀበረው ጫፉ ነው፤ እዚያ በወስፌ ውጉት። መጽሐፍ የተደረደረበት ፎቅ ላይ በካሬ ሜትር 700 ኪሎ ያህል ሊጫን ስለሚችል፣ መደርደሪያው ከመሐል ይልቅ ወደ ግድግዳው ይጠጋ፤ ግን 15 ሳ.ሜ. ይራቅ።

ማስፋፊያው ከአሮጌው ግንብ ጋር አይቋለፍ። አሮጌው ዋልካው ላይ መስመጡን ጨርሷል፤ አዲሱ ገና ይሰምጣል፤ ድንጋዮቹ ከተነካከሱ አሮጌውን ይዞት ይሰነጠቃል። የራሱ መሠረት ይኑረው፤ በመካከል 3 ሳ.ሜ. ክፍተት ይተው፤ ክፍተቱ ከላይ በቆርቆሮ ይከደን። ከአሮጌው መሠረት ጠልቆ መቆፈር ግድ ከሆነ አዲሱን ክፍል አርቆ በመተላለፊያ ማገናኘት ይሻላል። ይህ ሁሉ ሳይጀመር የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያዛል።

አዲሱ ክፍል ለንባብ ይሁን፤ ብራናው በለመደው ክፍል ይቆይ። የግድ የሚዛወር ከሆነ አንድ ሙሉ በጋ ይጠበቅ፤ አዲስ ግንብ ለወራት ውኃ ይተነፍሳል። የእርጥበት መለኪያው ከ45 እስከ 55 በመቶ ረግቶ ሲቆይ መጻሕፍቱ ከነማኅደራቸው (ከነቆዳ መያዣቸው) ጥቂት በጥቂት ይግቡ። ከ65 በመቶ በላይ ሻጋታ ይጀምራል፤ በድንገት ሲደርቅ ደግሞ የብራናው ቅጠል ይጨማደዳል፣ ገበታውም (የእንጨት ሽፋኑ) ይጣመማል።