የለንደን ጠላ ቤቶቼ

ሪል ኤል የሚሉትን የእንግሊዞች ቢራ መጀመሪያ ስቀምሰው አልጣመኝም። ለንደን በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነበር፣ አርብ ማታ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ወጥተን። ለእኔ ቢራ ማለት ጠርሙሱ ላብ ያወጣ፣ ጉሮሮ የሚቆነጥጥ ቢጫ ነገር ነው። አገር ቤትም እዚህም የለመድኩት እሱን ነበር። የቀረበልኝ ግን ጠይም፣ ለብ ያለ፣ ጋዙ ያመለጠ የሚመስል። "የከረመ ነው እንዴ?" አልኩ። "አይ፣ እንዲህ ነው የሚጠጣው" አሉኝና ወሬያቸውን ቀጠሉ። ግማሹን ትቼው ወጣሁ።

እሁድ ለእናቴ ስደውል ነገርኳት። ቀዝቃዛ አይደለም፣ አይንጫጫም፣ መረር ይላል፣ በትልቅ ብርጭቆ ነው የሚሰጡሽ አልኳት።

"ታዲያ ጠላ ነዋ የሰጡሽ!" አለችኝ።

እናቴ አራት ልጆች ያሳደገችው ደብረ ማርቆስ ጠላ እየሸጠች ነው። በራችን ላይ እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ነበር። ብቅሉን ያሰጣሁት፣ ጌሾውን የወቀጥኩት፣ ጋኑን በወይራ ያጠንኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ያቺ ቃሏ ከነከነችኝ። ጠላ ከሆነማ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት አያቅተኝም፣ እስኪ በደንብ ልየው አልኩ።

ሳጣራ እናቴ ልክ ነበረች። ሪል ኤል ከጠማቂው ቤት ሲወጣ ገና አላለቀም። እርሾው ሕያው እንደሆነ በርሜል ውስጥ ገብቶ ይላካል። አይጣራም፣ እንደ ወተት ፓስቸራይዝ አይደረግም፣ ጋዝም ከውጭ አይጨመርበትም። ፐብ በሚሉት መጠጥ ቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጦ እንደገና ይፈላል፣ ያቺን ትንሽ ጋዙንም ራሱ ይሠራል። ከዚያ ባርማኑ ባንኮኒው ላይ ያለውን ረጅም እጀታ ወደ ራሱ ሲስብ ነው በፓምፕ ወደ ላይ የሚወጣው። ለብ ያለ የመሰለኝም የምድር ቤቱ ቅዝቃዜ ነው፤ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ይሆናል። ሙቅ አይደለም፣ ምላሴ በረዶ ለምዶ ነው እንጂ።

ይሄ ቢራ ሊጠፋ ደርሶ እንደነበርም ያኔ ነው ያወቅኩት። ትልልቆቹ ጠማቂዎች የተጣራና ጋዝ የተሞላ የኬግ ቢራ በየፐቡ ሲያስገቡ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) አራት እንግሊዛውያን ወጣቶች አየርላንድ ለሽርሽር ሄደው፣ ኬሪ ውስጥ አንድ ባር ቁጭ ብለው ለሪል ኤል የሚሟገተውን ካምራ የሚባል ማኅበር መሠረቱ። ዛሬ በየሰፈሩ በእጅ የሚሳብ ፓምፕ የማየው በእነሱና በተከተሏቸው ሰዎች ጩኸት ጭምር ነው። እኛ አገር ለጠላ እንዲህ የሚጮህለት መቼ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

እንግዲህ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ አንድ ፐብ፣ ሁለት ግማሽ ፓይንት፣ አንድ ትንሽ ደብተር። ሙሉ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሁለት ሦስቱን ከጠጡ በኋላ ስለ ጣዕም ማውራት አይቻልም። ለአንድ ዓመት እንዲህ ቀጠልኩ።

የጀመርኩት ከዘ ሃርፕ ነው። ትራፋልጋር አደባባይ አጠገብ፣ ቻንዶስ ፕሌስ ላይ ያለች ጠባብ ቤት ናት፣ ግድግዳዋ በድሮ የሰው ምስሎች የተሞላ። ካምራ ለ2010 የአገሪቱ ምርጥ ፐብ ብሎ ሲመርጣት ከለንደን የመጀመሪያዋ ነበረች። የፓምፑ ብዛት ግራ አጋባኝ። ፓምፖቹን ሳይ ሳይ ባንኮኒ ላይ የነበረው ልጅ አንድ ጉንጭ በምታህል ብርጭቆ ቀድቶ "ቅመሺና ወስኚ" አለኝ። ይሄ የተለመደ ነው፣ ማንም አይቆጣም። እኛ ጠላ ቤት "እስኪ አቅምሱኝ" እንደሚባለው መሆኑ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማላውቀውን ቢራ ሳልቀምስ አዝዤ አላውቅም። ፓምፑ ላይ የተለጠፈችውን ታርጋም ማንበብ ተማርኩ፤ የአልኮሉ መጠን እሷ ላይ አለ። ለጀማሪ ከ4 በመቶ አካባቢ ባይወጣ ጥሩ ነው።

ልቤን የወሰደው ግን ሮያል ኦክ ነው። ከቦሮው ጣቢያ ትንሽ በእግር ሄደሽ ታባርድ ስትሪት ላይ ነው። ቤቱ የሃርቪስ ነው፤ ሃርቪስ ደግሞ ከለንደን በስተደቡብ ሉዊስ በምትባል ከተማ ከ1790 ጀምሮ የሚጠምቅ ቤት ነው። ሱሴክስ ቤስት የሚሉትን አዘዝኩ፣ 4 በመቶ። የመዳብ ቀለም አለው። መጀመሪያ ብስኩት የመሰለ የብቅል ጣፋጭነት ይመጣል፣ ከዚያ መራራው ቀስ ብሎ ከምላስ ጀርባ ይይዛል፣ ሳይለቅ። አፌ ውስጥ አዙሬ ስውጠው የእናቴ ጓዳ ትዝ አለኝ፤ ጌሾው በደንብ የያዘ የሦስተኛ ሳምንት ጠላ። ጣዕሙ አንድ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጭስ የለውም፣ ጌሾና እነሱ ለመራራነት የሚጨምሩት ሆፕስም ለየቅል ናቸው። ግን የሕያው መጠጥ ጣዕም ነው፣ ያንን አውቀዋለሁ።

በኋላ ላይ አንድ ነገር ሳነብ ይበልጥ ወደድኩት። ሃርቪሶች የሚጠምቁበት እርሾ በ1957 ከዮርክሻየር ከሌላ ጠማቂ ያመጡት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያንኑ እርሾ ነው ከአንዱ ጥምቅ ወደ ሌላው እያሸጋገሩ የሚጠቀሙት። ይሄ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም። የእንጀራ እርሾዋን ለልጇ የሰጠች እናት ሁሉ ይገባታል።

ሐመርስሚዝ ቴምዝ ዳር ያለችው ዘ ዶቭ ደግሞ ለንደን ፕራይድ የሚባለውን ቢራ የምጠጣባት ናት። ፉለርስ የሚባለው ጠማቂ ከዚያው ቅርብ ቺዝዊክ ነው ያለው፤ ጠመቃውን በ2019 የጃፓኑ አሳሂ ገዝቶታል። ፕራይድ 4.1 በመቶ ነው፣ ለስላሳ፣ ማንንም የማያስቀይም። ጀልባ ቀዛፊዎቹን እያየሁ እጠጣዋለሁ። ጥሩ ነው፣ ግን ለእሱ ብዬ ከተማ አላቋርጥም።

ሁሉም ቀን እንዲህ አልነበረም። አንድ ማክሰኞ፣ ስሙን የማልጠራው ሰፋ ያለ ፐብ ገባሁ። አሥር ያህል ፓምፕ ተደርድሯል፣ ሰው ግን የለም። የወደድኩትን ቢራ አዘዝኩ። ሳሸተው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። እንግዳ ነኝ፣ ምን ይሉኛል ብዬ ዝም ብዬ ጠጣሁት፣ ማታ ሆዴን ቆረጠኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የተበላሸ ጠላ አይቼ የማላውቅ ይመስል! እናቴ ቤት እንዲህ ያለ ቢቀርብ ደንበኛው ሁለተኛ አይመለስም ነበር። አሁን ሲያጋጥመኝ ረጋ ብዬ "ይሄ የኮመጠጠ መሰለኝ፣ እስኪ ቅመሱት" እላለሁ። ደህና ቤት ከሆነ ሳይከራከሩ ሌላ ይቀዳሉ። ፊታቸውን ካጠቆሩ ደግሞ ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ አወቅሽ ማለት ነው።

ለምን እንደኮመጠጠ የገባኝ ምድር ቤት ወርጄ ነው። ሰፈሬ ያለው ፐብ ባለቤት ስድሳ የዘለሉ ሰውዬ ናቸው። ጠላ ሻጭ ያሳደገችኝ መሆኔን ስነግራቸው "በይ ነይ እንግዲህ" ብለው ይዘውኝ ወረዱ። ቀዝቃዛ ነው፣ ወለሉ ገና የታጠበ፣ በርሜሎቹ በጎናቸው ተጋድመዋል። አንዱን ዘጠኝ ጋሎን የሚይዝ በርሜል አሳዩኝ፤ 72 ፓይንት ይወጣዋል። አናቱ ላይ ባለው ቀዳዳ ከለስላሳ እንጨት የተሠራች ትንሽ ውታፍ መቱበት። ወዲያው ነጭ አረፋ በእንጨቱ ውስጥ እየተንተከተከ ወጣ። በጨርቅ ጠረጉት። ተመልሶ ወጣ። እንደገና ጠርገው ቆመው ተመለከቱት፣ እኔም ትንፋሼን ይዤ። "ቶሎ ቶሎ እስከመጣ ድረስ ገና ነው" አሉኝ። እየዘገየ ሲመጣ ለስላሳዋን ውታፍ አውጥተው በጠንካራ ይለውጧታል፤ የቀረው ጋዝ እንዳይወጣ። ከዚያ አረፍ ብሎ እስኪጠል ይጠበቃል።

እናቴ የተመረገ ጋን አጠገብ ቆማ ጆሮዋን አስጠግታ የምትሰማው ትዝ አለኝ። ሰዓት አታይም፣ ቀንም አትቆጥርም። "ገና ነው" ካለች ገና ነው።

ሰውዬው የነገሩኝ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ በርሜሉ ተከፍቶ መቀዳት ሲጀምር በወጣው ቢራ ልክ አየር ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ ሦስት ቀን ገደማ ነው። እንግዲህ አስቡት። ሰው በሌለበት ቤት አሥር በርሜል ከተከፈተ አብዛኛው መኮምጠጡ አይቀርም። ያቺ የማክሰኞዋ ቢራ የተበላሸችው ስትጠመቅ አይደለም፣ ጠጪ አጥታ ነው። ከዚያ ወዲህ ፐብ ስገባ መጀመሪያ የማየው ፓምፑን ሳይሆን ሰዉን ነው። ሦስት ፓምፕ ያለው ሞቅ ያለ ቤት፣ አሥር ፓምፕ ካለው ባዶ ቤት ሁልጊዜ ይሻላል። አንድን ቢራም በአንድ ቤት ቀምሶ መፍረድ ግፍ ነው። ቲሞቲ ቴይለር ላንድሎርድን፣ ያ ኪይሊ ዮርክሻየር የሚጠመቀውን 4.3 በመቶ፣ ሁለት ጊዜ ቀምሼ "ምኑ ነው የሚወራለት?" ብዬ ደብተሬ ላይ ጽፌ ነበር። ሰውዬው ሳሳያቸው "ቸኩለው ቀድተውልሽ ነው፣ እሱ ምድር ቤት ቀናት ማረፍ ይፈልጋል" አሉኝ። እሳቸው ጋ ስጠጣው ሌላ ቢራ ሆነ፤ አበባ አበባ የሚል፣ መራራውና ጣፋጩ የተስማማ። የደብተሩን ገጽ ሰረዝኩት።

ሼፊልድ የሄድኩት ጓደኛዬን ልጠይቅ ነው። ከለም አይላንድ ታቨርን የሚባል ፐብ ወሰደችኝ፤ የ2008 እና የ2009 የካምራን የአገሪቱን ምርጥ ፐብ ሽልማት በተከታታይ የወሰደ ቤት ነው። እዛ የገረመኝ አረፋው ነው። ሰሜኖቹ ፓምፑ አፍ ላይ ስፓርክለር የሚሏት ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ክዳን ይገጥማሉ። ቢራው በእሷ ተጨምቆ ሲወጣ እንደ ክሬም የወፈረ አረፋ ይይዛል፣ መራራውም ይለሰልሳል። ደቡቦቹ ይሄን አይወዱም፣ ክርክሩ አያልቅም። እኔ ዳኝነት ካስፈለገ፣ ላንድሎርድ በስፓርክለር፣ ሃርቪስ ያለ ስፓርክለር።

ጾም ለሚጾም ሰው አንድ ነገር ልንገር፣ ለእኔ ማንም አልነገረኝም። ኤሉን ለማጥለል ብዙዎቹ ጠማቂዎች በርሜሉ ውስጥ ከዓሣ የሆድ ዕቃ፣ ከመንሳፈፊያ ፊኛው የሚሠራ ነገር ይጨምራሉ። እርሾውን ይዞ ወደ ታች ያዘቅጠዋል። በዓቢይ ጾም ዓሣ ለማይበላ ይሄ ቀላል ጉዳይ አይደለም። አሁን ብዙ ትናንሽ ጠማቂዎች ያለዚያ የሚሠሩት አለ፤ ባርማኑን ጠይቁት፣ ታርጋው ላይም ይጻፋል። ደፍረስ ይላል። እኔ ጉሽ ጠጥቼ ስላደግኩ ድፍርስነቱ አልከበደኝም፣ እንዲያውም ሁዳዴ ሲገባ እሱን ነው የምፈልገው። ድፍርስ ሁሉ የተበላሸ አይደለም። አፍንጫን ማመን ነው።

ስለ ዙርም ላንሳ። አራት ሆናችሁ ከገባችሁ አንዱ ለሁሉም ያዛል፣ ሲያልቅ ሌላው ይነሳል። እንደኛ "በሞቴ እኔ ልክፈል" ተብሎ የሚታገሉበት አይደለም፤ የእኔን ተራ ከቀማሽኝ ይከፋኛል። ግማሽ ፓይንት የምጠጣ ሰው ብሆንም ተራዬ ሲደርስ ሙሉውን እገዛለሁ፣ ማንም ቁጭ ብሎ ሒሳብ አያሰላም።

ለእናቴ ምድር ቤት መውረዴን ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "አተላውንስ ለማን ይሰጡታል?" እኔ አልጠየቅኩም ነበር። በማግስቱ ሄጄ ሰውዬውን ጠየቅኳቸው። በርሜሉ ሥር የሚቀረው ይደፋል፣ የብቅሉ ገለባ ግን ከጠማቂዎቹ ዘንድ ለገበሬ ይሄዳል፣ ለከብት አሉኝ። "ለከብት ከሆነ ደግ" አለች።

ኅዳር ላይ ታናሽ እኅቴ ትመጣለች። ብርዱ ሲገባ ሃርቪስ ኦልድ ኤል የሚሉትን ጥቁሩን ያወጣሉ፣ ድራፍት ቢራ ብቻ ለምታውቅ ሰው መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። ስለዚህ ሮያል ኦክ እወስዳትና ከሱሴክስ ቤስት ግማሽ አስጀምራታለሁ፣ ከዚያ ጥቁሩን አንድ ጉንጭ አስቀምሳታለሁ። ጋን የማጠን ተራ ከእኔ የወሰደችው እሷ ናት፣ ምን እንደምትል ለማየት ቸኩያለሁ።