ራሱን እያጠፋ የሚያስነሳው ኮምፒውተር

ሰኔ ላይ ነው። መሐል ሜዳ አካባቢ ያለ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ደወሉልኝ። የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር ይበራል፣ የዊንዶውስ አርማ ይመጣል፣ ሰማያዊ ነገር ብልጭ ይልና ይጠፋል፤ ከዚያ ማንም ሳይነካው እንደገና ይነሳል። ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ ነው።

«ልጄ፣ ሃርድ ዲስኩ ሞቷል፣ ፎርማት ይደረግ እያሉን ነው። አንተስ ምን ትላለህ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እባክዎ እኔ እስክደርስ ማንም ፎርማት እንዳያደርገው። ሶኬቱን ነቅለው ይተዉት» አልኳቸው።

የዊንዶውስ አርማ የሚመጣው ከዚያው ከሃርድ ዲስኩ ተነብቦ ነው። ጨርሶ የሞተ ዲስክ እስከዚያ ድረስ አያደርስም። ስለዚህ «ሞቷል» የሚለው ፍርድ ገና ያልተመረመረ ነበር። ያስፈራኝ ደግሞ ሌላ ነው፤ ፎርማት ሲደረግ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። የማኅበሩ ሒሳብ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የተያዘው፣ ለማዳበሪያ ቅድሚያ የከፈሉ አባላት ዝርዝርም በኤክሴል የተጻፈው እዚያው ሲ ድራይቭ ላይ ነው፤ ቅጂ የለውም። የካርኒ ቀሪ አለ። ነገር ግን ገበሬው መጋዘን ደጃፍ ተሰልፎ እየጠበቀ ከካርኒ ቀሪ ላይ ስም እየለቀሙ ዝርዝር እንደገና መሥራት ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ወቅት ገጠር የሠራ ሰው ያውቀዋል። አንድ ሰው ስሙ ቢዘለል የዓመት እህሉ ነው የሚዘለለው።

በጣርማ በር በኩል ታጥፌ በሞላሌ አድርጌ ደረስኩ።

ዊንዶውስ ከባድ ስህተት ሲገጥመው ራሱን መልሶ እንዲያስነሳ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ስህተቱ አንዴ ብቻ ሲሆን ይህ ይጠቅማል። ስህተቱ በመነሻው ላይ ሲሆን ግን ማሽኑ ሲነሳ ይወድቃል፣ ሲወድቅ ይነሳል፤ ምክንያቱን የያዘው ሰማያዊ ገጽም ሳይነበብ ያልፋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ዙሩን ማቆም ያስፈልጋል። ዊንዶውስ 7 ስለነበር፣ አርማው ከመምጣቱ በፊት ኤፍ 8 ስጫን ምርጫዎቹ ወጡ፤ ከመካከላቸው በሥርዓት ብልሽት ጊዜ በራሱ መነሳቱን የሚከለክለውን መረጥኩ። (ዊንዶውስ 10 ላይ ኤፍ 8 እንደ ድሮው አይሠራም። መነሳቱ ደጋግሞ ሲከሽፍ የጥገና ገጽ ይመጣል፤ ከዚያ ወደ ስታርትአፕ ሴቲንግስ ገብቶ 9 ቁጥርን መምረጥ ነው።)

በዚህ ጊዜ ሰማያዊው ገጽ ቆመ። ከዜሮዎቹ ረድፍ በኋላ መጨረሻው 7ቢ ነው።

ይህ ኮድ ብዙ ይናገራል። 24 ቢሆን የፋይል ሥርዓቱ ተበላሽቷል ብዬ እጠረጥር ነበር፤ 7ኤ ቢሆን ኬብሉንና የዲስኩን ጤና አስቀድሜ አይ ነበር። 7ቢ ማለት ግን ዊንዶውስ መነሳት ከጀመረ በኋላ የተነሳበትን ዲስክ ራሱን ማግኘት አቃተው ማለት ነው። ዲስኩ ታሞ ሊሆን ይችላል፣ ወደ ዲስኩ የሚወስደው መንገድ ተቀይሮም ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ኮምፒውተሩን ኡቡንቱ (ያለ ዊንዶውስ የሚሠራ ሌላ ሥርዓት) ከተጫነበት ፍላሽ አስነሳሁት። ዲስኩ ያለ ምንም ችግር ተከፈተ፤ የፒችትሪው ፎልደርም የአባላቱ ዝርዝርም አሉ። ሌላ ነገር ከመንካቴ በፊት ሁሉንም ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩ። ዝርዝሩ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የቆየ የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ ስለሆነ ፎንቱንም አብሬ ወሰድኩ፤ ያለ ፎንቱ ፋይሉ ቢተርፍም ስሞቹ አይነበቡም።

ያኔ ወደ ሒሳብ ሠራተኛዋ ዞርኩ። ኮምፒውተሩን ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ እስከዚያ ሰዓት ግን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

«እትዬ፣ ከመበላሸቱ በፊት ምን አዩ?»

«ሰዓቱማ ከቆየ ወደ ኋላ እየቀረ አስቸግሮኛል፤ እያስተካከልኩ ነው የምሠራው። ቅዳሜና እሑድ መብራት አልነበረም። ሰኞ ስከፍተው ኤፍ 1 ተጫኚ የሚል ጽሑፍ መጣ፣ ተጫንኩ። ከዚያ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው።»

መልሱ ከሞላ ጎደል እዚህ ውስጥ ነበር። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታህል፣ ሲአር 2032 የምትባል የ3 ቮልት ባትሪ አለች። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱንና የባዮሱን (ከዊንዶውስ በፊት ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ቅንብር ይዛ የምታቆየው እሷ ናት። ሶኬቱ እንደተሰካ መብራት ካለ ማዘርቦርዱ ከግድግዳው ትንሽ ኃይል ስለሚያገኝ ባትሪዋ መድከሟ በደንብ አይታወቅም። መብራት ሲጠፋና ሲሰነብት ግን ቅንብሩ ይረሳና ባዮሱ ወደ ፋብሪካው ምርጫ ይመለሳል።

ባዮስ ገብቼ ሳይ ቀኑ ጃንዋሪ 1፣ ዓመቱም ብዙ ወደ ኋላ የተመለሰ ነው። ማዘርቦርዱ ከሃርድ ዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት ስልት፣ ማለትም የሳታው አሠራር፣ አይዲኢ በሚባለው ላይ ነበር። ዊንዶውስ 7 ሲጫን በጊዜው ለነበረው አሠራር የሚሆነውን ድራይቨር (ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) ብቻ ለመነሻ ያዘጋጅና የማይጠቀምበትን ይዘጋል። ይህ ማሽን የተጫነው ኤኤችሲአይ በሚባለው ሌላ አሠራር ከነበረ በአይዲኢ ሲነሳ ዲስኩን አያገኘውም። ቤቱ ያው ነው፣ በሩ ግን በሌላ ግድግዳ በኩል ሆኖበታል። ወደ ኤኤችሲአይ መለስኩት፣ ቀኑን አስተካከልኩ፣ አስነሳሁት። ዊንዶውስ ገባ፤ ፒችትሪም ተከፈተ። እትዬ «ተመስገን!» ብለው መጀመሪያ የከፈቱት የማዳበሪያውን ዝርዝር ነው።

ባትሪዋ በቴስተር ስትለካ ከ1 ቮልት በታች ናት። ምትኳን ከአንድ ሰዓት ሠሪ ሱቅ አገኘን። ከቀየርኩ በኋላ ሶኬቱን ነቅለን ምሳ ሄድን፤ ስንመለስ ሰዓቱም ቅንብሩም እንደነበረ ነው።

እንዲህ ያለ ብልሽት ፎርማት ቢደረግ፣ ዊንዶውስ በአይዲኢ እንደ አዲስ ተጭኖ መሥራቱ አይቀርም ነበር። ፎርማት ያደረገውም ሰው «ዳነ» ተብሎ ተመስግኖ ይሄዳል። የማኅበሩ ሒሳብ ግን በማያስፈልግ ሥራ ይጠፋል። በየቢሮው «ፎርማት ይደረግ» ሲባል የሚቆረቁረኝ ይኸው ነው።

ከመመለሴ በፊት በቢሮው ባሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ሲስተም ፕሮፐርቲስ ከሚባለው የዊንዶውስ ማስተካከያ ገጽ ገብቼ ከብልሽት በኋላ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርገውን ምልክት አነሳሁ። የሳታውን አሠራር በወረቀት ጽፌ በየሳጥኑ ጎን ለጠፍኩ። እትዬም ሰማያዊ ገጽ ሲቆም ኮዱ የቱ ጋ እንደሚጻፍ አሳየኋቸው።

ጥቅምት ላይ ራሳቸው ደወሉ። የመጋዘኑ ኮምፒውተር ሰማያዊ ሆኖ ቆሟል፤ መጨረሻው 7ኤ ነው አሉኝ። አዲስ ሃርድ ዲስክና ኬብል ይዤ ሄድኩ።