የጎንደር ምጣድና የባለሙያዎች ስሌት

ጎንደር የሄድኩት ምጣድ ለማየት ነው። ይህን የነገርኳቸው ሁሉ ስቀዋል፤ አንዱማ «ፋሲል ግንብ ያለበት ከተማ ሄደህ ምጣድ?» ብሎ አላግጦብኛል። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጓደኛዬ ቤተሰብ በምን እንደሚያበስል የሚጠይቅ የኃይል አጠቃቀም መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት እየዞረ መረጃ ይሰበስባል። እኔ ደግሞ ባለሙያዎች የአገርን የኃይል ጉዞ እንዴት እንደሚቀርጹ የሚያጠኑ የማኅበራዊ ሳይንስ ሰዎችን ጽሑፍ ሳነብ ከርሜያለሁ። እነዚህ ተመራማሪዎች ግድቡንና የፀሐይ ሰሌዳውን ለሌሎች ትተው መሐንዲሱን፣ የኢኮኖሚ ባለሙያውንና አማካሪውን ይከታተላሉ። ዕቅዱ ሲወጣ ጠረጴዛው ዙሪያ ማን ተቀመጠ? ምን ተቆጠረ? ምንስ ሳይቆጠር ቀረ? ጓደኛዬ ጎንደር ሥራ እንዳለው ሲነግረኝ «አብሬህ ልዙር» አልኩት። እሱም ቦርሳ የሚሸከምለት ሰው በማግኘቱ ደስ አለው።

ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማው ስንገባ መንገዱ ዳር የባሕር ዛፍ ግንድ የጫኑ ጋሪዎችና ጭራሮ ያዘሉ ሴቶች አገኘን። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥታቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ቶሎ የሚያድገው ዛፍ ከተማዋን ከመፈለስ አዳናት። የኃይል ሽግግር፣ ማለትም ከአንድ የኃይል ምንጭ ወደ ሌላ መሻገር፣ የሚለው ነገር ትናንት ከውጭ በመጣ ሰነድ የተጀመረ ለሚመስለው ሰው ይህ አንድ ማስረጃ ነው።

ፒያሳ ስንደርስ ጓደኛዬ ቅጾቹን ሲያስተካክል እኔ ዞር ዞር አልኩ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ግንቡ ይጥላል፤ አፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ከተማዋን መናገሻ ካደረጉ ወዲህ ያለው ታሪክ ሁሉ እዚያ ቅጥር ውስጥ የተጠናቀቀ ይመስል። እኔ ግን የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎችን ሳይ ቆየሁ። ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለ የፍሎረንስ አርክቴክት በ1930ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ለጎንደር ማስተር ፕላን ነድፎ ነበር። የጣሊያኖቹን ሰፈርና የአገሬውን ሰፈር ለያይቶ ያሰመረው ንድፍ ነው። ወራሪው ከአምስት ዓመት ወረራ በኋላ ተባረረ፤ የነደፈው መንገድ ግን እስካሁን እግራችንን ይመራል። ባጃጁ የሚታጠፍበት ቦታ ሳይቀር አንድ ባለሙያ ጠረጴዛው ላይ የወሰነው ነው። ለምን እንደመጣሁ ለሚጠይቀኝ ሰው ይህን ባሳየው በቂ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ከማራኪ አለፍ ብሎ ባለ ሰፈር ውስጥ የመጀመሪያውን ቤት አንኳኳን። የቤቱ እመቤት በዕድሜ የገፉ፣ ነጠላቸውን በወገባቸው የታጠቁ፣ እጃቸው ሊጥ የነካ ሴት ናቸው። ጓደኛዬ ታብሌቱን ከፍቶ ሰላምታውን ካደረሰ በኋላ፦

«እትዬ፣ ለማብሰል በዋናነት የሚጠቀሙት ምንድን ነው?» አለ።

«የትኛውን ምግብ?» አሉት።

ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረ። ታብሌቱ ምግብ አይጠይቅም፤ ኤሌክትሪክ፣ እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበት፣ ጋዝ እያለ ይዘረዝርና አንዱን ብቻ አስመርጦ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ያልፋል። እትዬ ግን በትዕግሥት አስረዱ። እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ፤ ወጥ በከሰል፣ ምክንያቱም ቀስ ብሎ መብሰል አለበት፤ ቡና በከሰል፣ በዚህ ድርድር የለም፤ ለድግስ ጠላ ሲጠመቅ በእንጨት። መብራት ከጠፋ ደግሞ ከጓሮ ሦስት ጉልቻ አለ፤ የሸክላ ምጣዱም እዚያው ግድግዳው ተደግፎ ይጠብቃል።

«መብራቱ እስኪመጣ አይጠብቁም?» አልኩ።

«እኔ እጠብቃለሁ ልጄ፤ ሊጡ ነው የማይጠብቀው። አብሲት ተጥሎበት ኩፍ ካለ በኋላ ብታሳድረው ይኮመጥጣል። ጤፉን እንዴት እንደገዛሁት እኔ ነኝ የማውቀው።»

ጓደኛዬ «ኤሌክትሪክ» የሚለውን ነካ። ቀጠለ። በዚያች ንክኪ ጓሮው፣ ጉልቻው፣ የተከመረው ጭራሮ፣ የከሰሉ ማዳበሪያ ሁሉ ከመረጃው ወጡ። ዋሽቷል ማለቴ አይደለም፤ በእርግጥም ከምግብ ሁሉ ብዙ ኃይል የሚበላው እንጀራ ነው። ነገር ግን አንድ ቤት ከእንጨት ወጥቶ ወደ ኤሌክትሪክ ገባ ተብሎ የሚቆጠረው እንዲህ ነው። ቤቱ የወጣበትም የገባበትም የለም፤ ሁሉንም ደራርቦ ይዟል። በዓለም ደረጃም ቢሆን ነገሩ ከዚህ አይለይም። የዓለም የድንጋይ ከሰል ፍጆታ ዛሬ ከእንፋሎት ባቡር ዘመን እጅግ ይበልጣል፤ ዘይትና ጋዝ ተጨመሩበት እንጂ አልተኩትም።

ከዚያ በኋላ በሄድንበት ቤት ሁሉ እኔ የምጣዱን ጀርባ እያገላበጥኩ የኃይል መጠኑን ፈለግኩ። ጓደኛዬ አፈረብኝ። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንደየአሠራሩ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ይህን ቁጥር የፈለግኩበት ምክንያት አለኝ። የዓለም ባንክ ባለሙያዎች በ2015 እ.ኤ.አ. «ይህ ቤት ኤሌክትሪክ አለው» ለማለት የሚያገለግል ባለ ደረጃ መለኪያ አውጥተዋል። ቀድሞ መለኪያው «ሽቦ ገብቷል ወይስ አልገባም» ብቻ ስለነበር አዲሱ ትልቅ መሻሻል ነው፤ ሰዓቱን፣ አስተማማኝነቱን፣ ዋጋውን ሁሉ ያያል። የመጀመሪያው ደረጃ ቢያንስ 3 ዋት ይጠይቃል፤ አምፖልና ስልክ መሙያ ማለት ነው። ከፍተኛው፣ አምስተኛው ደረጃ ደግሞ ቢያንስ 2 ኪሎ ዋት። የእትዬ ምጣድ ከመሰላሉ የላይኛው እርከን በላይ ነው! አንድ ምጣድ የሚስበው ኃይል የመጀመሪያውን ደረጃ ሺህ እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። መለኪያውን ያወጡት ሰዎች ክፉ አሳቢዎች አይደሉም። በአእምሯቸው የነበረው ቤት ማራገቢያ፣ ቴሌቪዥን፣ ማቀዝቀዣ እያለ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ቤት ነው። ጎንደር ውስጥ ግን ማቀዝቀዣ የሌለው፣ ቴሌቪዥኑ የተበላሸ፣ ምጣዱ ግን ቀይ መብራቱን አብርቶ የተጣደ ቤት ሞልቷል። መሰላሉን ከታች ወደ ላይ የሚወጣ የለም፤ ከመሬት ተነሥቶ ጣሪያ ላይ ይገኛል።

ይህ ለምን እንደሚያሳስበኝ ለማስረዳት ወደ ኦስትሪያ ልሻገር። ከቪየና አጠገብ ላክሰንቡርግ በምትባል ስፍራ በ1972 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ዓለም አቀፍ የሥርዓት ትንተና ተቋም አለ። ቮልፍ ሄፈለ የተባለ ጀርመናዊ የኑክሌር ሳይንቲስት እዚያ የመራው ጥናት የዓለምን ኃይል እስከ 2030 ድረስ ተንብዮ በ1981 ታተመ። በብዙ ሳይንቲስቶች ድካምና በግዙፍ የኮምፒውተር ሞዴሎች የተሠራ ነበር። መደምደሚያው ከባድ ድርሻ ለኑክሌር ማብላያዎችና ለድንጋይ ከሰል ይሰጣል። በ1984 ቢል ኪፒንና ብሪያን ዊን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሞዴሎቹን ፈትተው አዩአቸው። ያገኙት ነገር የሚያስደነግጥ ነበር። ውጤቱ ከመጀመሪያ ግምቶቹ ብዙም የራቀ አልነበረም፤ በእርሳስና በወረቀት ሊደረስበት ይችል ነበር። ግምቱ ላይ ትንሽ የዋጋ ለውጥ ሲደረግ ደግሞ ዓለም ሌላ መንገድ ይይዛል። ኮምፒውተሩ የሠራው ሥራ የባለሙያዎቹን ግምት የስሌት ልብስ ማልበስ ነበር። የተተነበየው 2030 አሁን ደጃችን ላይ ስለሆነ የፈለገ ማመሳከር ይችላል።

እኛም ዘንድ እንዲህ ያለ ስሌት አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም በ2025 ሁሉም ሰው ኤሌክትሪክ እንዲያገኝ፣ ከዚህም 65 በመቶው በዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ከመስመር ውጭ በፀሐይና በመሳሰሉት እንዲሆን አቅዶ ነበር። እንዲህ ያለው ክፍፍል የሚገኘው መንደሮችን በካርታ ላይ አስቀምጦ ለእያንዳንዱ ርካሹን መንገድ በማስላት ነው። እዚህ ላይ ሁሉም ነገር በአንድ ግምት ላይ ይንጠለጠላል፤ አንድ ቤት በወር ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል? አምፖልና ሬዲዮ ብለህ ካስገባህ ራቅ ላለው መንደር ትንሿ የፀሐይ ሰሌዳ ታሸንፋለች። ምጣድ ብለህ ካስገባህ ግን ሽቦው ያሸንፋል፤ በትንሽ ሰሌዳ እንጀራ አይጋገርምና። ስለዚህ ያቺን አንድ ቁጥር የሚሞላው ሰው፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ የትኛዋ የገበሬ ሚስት እስከ መቼ በጭስ ውስጥ እንደምትጋግር እየወሰነ ነው። እኔ ከጉዞው ሁሉ ይዤ የቀረሁት ክርክር ይኸው ነው፤ የባለሙያ ሥልጣን ያለው ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያው ላይ፣ ማንም በማያነበው የግምቶች ሠንጠረዥ ውስጥ ነው።

ወደ ምሽት ጎሃ ኮረብታ ወጣን። ከላይ ሲታይ ከተማው ግማሹ መብራት ግማሹ ጭስ ነው። ጓደኛዬ ፎቶ ሲያነሣ ቆየ፤ እኔ ብርድ ልብስ ባለመያዜ ተማረርኩ።

ቅዳሜ ገበያ በሚቀጥለው ቀን ለሌላ ምክንያት ጠቀመኝ። አንዲት ነጋዴ ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ የተሠሩ «ምርጥ» ምድጃዎችን ደርድራ ታጫርታለች። ይህ ምድጃ በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. እዚሁ አገር ለእንጀራ ተብሎ የተነደፈ ሲሆን ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። እኔ የሚገርመኝ የመለኪያው ነገር ነው። በዓለም ላይ የምድጃን ብቃት ለመፈተን ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የኖረው ዘዴ ውኃ አፍልቶ ማየት ነበር። ውኃ! ምጣድ ላይ ውኃ የሚያፈላ ማን ነው? «ምርጥ»ን በትክክል ያዩት እንጀራ አስጋግረው የለኩ ሰዎች ናቸው፤ ጋጋሪዋ በፈተናው ውስጥ ስትገባ የቁጥሩ ትርጉም ተገኘ። ነጋዴዋን «የትኛው ይሻላል?» ብላት «ጎኑ ያልተሰነጠቀው» አለችኝ፤ ከዚህ በላይ የሚያስፈልግ አልነበረም።

ከሁሉ የወደድኩት ሰው ግን አውቶ ፓርኮ አካባቢ ያገኘናቸው ጡረታ የወጡ የመስመር ሠራተኛ ናቸው። ጓደኛዬ «ጋሼ» እያለ፣ እሳቸው ሻያቸውን እያማሰሉ ብዙ አወራን። የሰፈር ትራንስፎርመር ሲተከል ቤቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሙሉ ኃይሉን አይጠቀምም ተብሎ ይገመታል። ይህ በየትኛውም አገር ያለ የምህንድስና ልማድ ነው፤ ያለዚያ ዋጋው አይቀመስም። «በአምፖል ዘመን ልክ ነበር» አሉ ጋሼ። «በበዓል ዋዜማ ግን አሥር ቤት እኩል ምጣድ ከጣደ 35 ኪሎ ዋት ነው። ፊውዙ ጧ ይላል። እኔ መሰላሉን ይዤ ስወጣ ማን እንጀራ አቋርጣ እንደምትረግመኝ በስም አውቃለሁ።» የጾም መያዣና መፍቻ ሲደርስ፣ የትኛው ሰፈር ሠርግ እንደሚበዛበት፣ የትኛው ትራንስፎርመር እንደሚደክም በቃላቸው ይዘረዝራሉ። ይህን እውቀት የጠየቃቸው ባለሙያ ነበር ወይ አልኳቸው። «ቆጣሪውን ይጠይቁታል እንጂ!» ብለው ሳቁ። ቆጣሪው በወሩ መጨረሻ ድምሩን ይናገራል፤ ዋዜማውን አይናገርም።

እትዬ ስንሰናበታቸው የሕዳሴ ግድብ ቦንድ መግዛታቸውን በኩራት ነግረውን ነበር። ግድቡ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ሳይንስና ማኅበረሰብን የሚያጠኑት ሺላ ጃሳኖፍና ሳንግ ህዩን ኪም በ2009 እ.ኤ.አ. የአሜሪካንና የደቡብ ኮሪያን የኑክሌር ጉዞ ሲያነጻጽሩ አንድ አገር ስለ ራሷ የምታስበው ሕልም በቴክኖሎጂዋ ውስጥ እንደሚታይ ጽፈዋል፤ አሜሪካ የኑክሌርን አደጋ መቆጣጠርን፣ ኮሪያ ልማትን አሰበችበት። የእኛ ሕልም የት እንዳለ ለማወቅ እትዬ የቦንድ ወረቀታቸውን ከቁም ሣጥን ያወጡበትን ፍጥነት ማየት ይበቃል። ከግድቡ እስከ ምጣዱ ያለው ሽቦ፣ ምሰሶና ፊውዝ ግን ቦንድ የለውም፤ ዘፈንም አልተዘፈነለትም።

የመጨረሻው ምሽት ፒያሳ ቡና ስንጠጣ ተከራከርን። ጓደኛዬ «አንተ ታነባለህ፤ እኔ የማደርሰው ቅጽ አለኝ። ዓለምን ካላቀለልከው ምንም አይሠራም» አለ። እውነት አለው፤ ሁሉን ልቁጠር የሚል ዕቅድ አንድ ምሰሶ አይተክልም። እኔም የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ባለፈው ሳምንት መብራት ሲጠፋ እንጀራውን በምን ጋገሩ?» የሚል። ጥቂት አስቦ ወደ አሠሪዎቹ ላከው።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ መልሱን ነገረኝ። አዲስ ጥያቄ ከገባ ውጤቱን ካለፈው ዙርና ከሌሎች አገሮች ጋር ማነጻጸር ስለማይቻል አይጨመርም ተብሏል። ይልቁንም ከምርጫዎቹ ግርጌ «ሌላ ካለ ይግለጹ» የሚል ክፍት ቦታ ተፈቅዶለታል። ሲተነተን ማንም እንደማይከፍተው ጓደኛዬ ያውቃል። ቢሆንም አሁን በየቤቱ እየዞረ፣ በተፈቀደለት የፊደል ቁጥር ልክ፣ ስለ ሊጥ እየጻፈበት ነው።