ፓታዳካል፦ ከወንዙ ወገን

ፓታዳካል ሲደርሱ መጀመሪያ የሚታየው የቤተ መቅደሶቹ ጀርባ ነው። የመኪናው መንገድ በምዕራብ፣ ማላፕራባ ወንዝ በምሥራቅ ነው፤ ቤተ መቅደሶቹ ደግሞ ፊታቸውን ወደ ወንዙ፣ ወደ ፀሐይ መውጫ አዙረዋል። ብዙ ጎብኚ ትኬት ቆርጦ እንደገባ ጀርባ ጀርባውን ፎቶ ሲያነሳ ይቆይና ወደ ፊት ለፊቱ ሲዞር ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ ትጠብቀዋለች። ያን ጊዜ ቅርጻ ቅርጹ ጥላ ስለማይኖረው ጠፍጣፋ ይመስላል። እኛ በር እንደተከፈተ ገብተን፣ ትንንሾቹን አልፈን በቀጥታ ወደ ወንዙ ወገን ወረድን፤ ለሌላም ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው።

ቦታው በደቡብ ህንድ በካርናታካ ግዛት ነው። የሚነሡት ከባዳሚ ነው፤ የጥንቶቹ የቻሉክያ ነገሥታት መናገሻ፣ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቅ። ባቡር ጣቢያውም ማደሪያውም እዚያ ነው፤ ፓታዳካል ራሷ ትንሽ መንደር ናት። አውቶቡስ ርካሽ ነው፣ ግን ይጠበቃል። ሁለት ሦስት ሰው ከሆናችሁ ባጃጅ መኮናተር ይሻላል፤ እዚያ «አውቶ» ነው የሚሉት፣ ባጃጅ ብትሉም ይገባቸዋል፣ ፋብሪካው የእነሱ አይደል። ዋጋውን ከነመቆያው ሳትሳፈሩ ጨርሱ፤ ጭቅጭቅ የሚመጣው ከመቆያው ነው። መንገዱ ከፓታዳካል አልፎ ወደ አይሆሌ ይቀጥላል፣ ያም በጥንታዊ ቤተ መቅደስ የተሞላ መንደር ነው፤ ከ15 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ሾፌሩ አይሆሌን እናስቀድም ካለ እሺ አትበሉ፤ ፓታዳካል በቀትር ትደርሳላችሁ።

መግቢያው ለህንዳዊ 40፣ ለውጭ ዜጋ 600 ሩፒ ነበር፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሁለተኛው ውስጥ ነው። ልዩነቱ ያስከፋል፣ ግን ክርክር አያዋጣም።

ወንዙ ዳር መቆም ቦታው ለምን እንደተመረጠ ያስረዳል። ማላፕራባ እዚህ ጋ ታጥፎ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሂማላያ አቅጣጫ ይፈሳል። ለሂንዱዎች የአምላካቸው የሺቫ መኖሪያ ካይላስ ተራራ ያለው በዚያ ወገን ስለሆነ፣ ወደ ሰሜን የሚፈስ ውኃ የተቀደሰ ነው። ነገሥታቱ ዘውድ የሚጭኑት እዚህ ነበር፤ ስሙም «የንግሥ ድንጋይ» እንደማለት ነው። በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን፣ ዘጠኝ የሂንዱ ቤተ መቅደሶችና አንድ የጃይኖች (የሌላ ጥንታዊ የህንድ ሃይማኖት ተከታዮች) ቤተ መቅደስ አሉበት።

ከወንዙ ሲመለሱ ፊት ለፊት የሚቆመው ቪሩፓክሻ ነው፣ ከሁሉም ትልቁ። እ.ኤ.አ. በ740 ገደማ ያሠራችው ንግሥት ሎካማሃዴቪ ናት፤ ባሏ ዳግማዊ ቪክራማዲትያ የባላንጣዎቹን የፓላቫ ነገሥታት ከተማ ካንቺን ድል ስላደረገ መታሰቢያ እንዲሆን ነው። ንጉሡ ካንቺ ገብቶ እዚያ ያለውን የካይላሳናታን ቤተ መቅደስ አልዘረፈም፤ ንብረቱን መልሶለታል፣ ይህንንም እዚያው በካናዳ ቋንቋ በድንጋይ አስጽፏል። (ይህ ካናዳ የአገሩ ሰው አፍ መፍቻ ነው፤ ከበረዶው አገር ጋር ዝምድና የለውም።) ቪሩፓክሻ ንድፉን የወሰደው ከዚያ ከካንቺው ነው። የዋናው ግንበኛ ስም፣ ጉንዳ፣ በጽሑፍ ተቀርጾ ቀርቷል።

ዛሬም አምልኮ ስላለበት ጫማ ይወልቃል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ የሚሆነው የድንጋዩ ግለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 5 ሰዓት ካለፈ ግቢው ውስጥ በባዶ እግር መቆም አይቻልም፤ ወፈር ያለ ካልሲ ያዙ። ከደጁ ከጥቁር ድንጋይ የተጠረበው የሺቫ ኮርማ፣ ናንዲ፣ ፊቱን ወደ መቅደሱ አድርጎ ተኝቷል። በእሱና በመቅደሱ መካከል ቆሞ ፎቶ ማንሳት አማኞቹን ያስቀይማል። ዙሪያውን የምትዞሩ ከሆነ መቅደሱን በቀኛችሁ አድርጋችሁ ነው።

ውስጡ ጨለማ ነው። ብርሃን የሚገባው በበሩና በወንፊት መሳይ የድንጋይ መስኮቶች ብቻ ነው። ዓምዶቹ ላይ ከሁለቱ የህንድ ጥንታዊ የጀግንነት ግጥሞች፣ ከራማያናና ከማሃባራታ፣ የተወሰዱ ታሪኮች በጠባብ መቀነት ተቀርጸዋል። ባትሪውን ፊት ለፊት ካበራችሁት ምንም አይታይም፤ ከጎን፣ ከድንጋዩ ጋር አስጠግታችሁ ስታበሩ ግን ያ ጭረት የመሰለው ነገር ክንፍ ይሆናል፦ የራማን ሚስት ሲታን ጠልፎ የሚሄደውን የአጋንንት ንጉሥ ራቫናን የሚታገለው ጃታዩ የተባለው አሞራ ነው።

ጎረቤቱን ማሊካርጁናን የሠራችው ሌላይቱ ንግሥት፣ የሎካማሃዴቪ እህት ናት። ሁለቱ መንታ ይመስላሉ፤ መለያው አናታቸው ነው። የቪሩፓክሻ ጉልላት አራት ማዕዘን፣ የማሊካርጁና ክብ ነው። ከዚያ አንገት ዞር አድርጎ ካሺ ቪሽዋናታን ማየት ነው። ፓታዳካልን ከሌላ ቦታ የሚለየው እዚህች ጋ ይታያል፦ አንዱ ጣሪያ እንደ ደረጃ ፎቅ በፎቅ ተደርቦ የሚያንስ የደቡብ አሠራር፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ ጎኑ ወደ ውስጥ እየጎበጠ ወደ ላይ የሚሾል የሰሜን አሠራር። ጋላጋናታ፣ ጃምቡሊንጋና ካዳሲዴሽዋራ የሰሜኑ ወገን ናቸው።

ሳንጋሜሽዋራ የተባለውን ቤተ መቅደስ ከ733 እ.ኤ.አ. በፊት የጀመረው ንጉሥ ቪጃያዲትያ ነው። ግድግዳው ላይ ሳይጠረቡ የቀሩ ጉብታ ድንጋዮች አሉ፤ አትለፏቸው። ጠራቢዎቹ ድፍን ድንጋዩን መጀመሪያ ግድግዳ ላይ ገጥመው ቅርጹን ኋላ እንደሚያወጡ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።

ላሊበላን ያየ ሰው አንድ ነገር ልጨምርለት። ኤሎራ በተባለ የህንድ ቦታ ላይ ከአንድ ተራራ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣው የካይላሳ ቤተ መቅደስ ንድፉ የቪሩፓክሻ ነው። ቻሉክያዎችን የጣሉት ራሽትራኩታዎች የተሸናፊዎቹን ቤተ መቅደስ አይተው፣ ድንጋይ መደርደሩን ትተው ፈለፈሉት።

ፓፓናታ የተባለው ቤተ መቅደስ ከግቢው ወደ ደቡብ ጥቂት መቶ ሜትር ወጣ ስለሚል ብዙ ሰው ይዘለዋል። አካሉ ረጅም፣ ጣሪያው ደግሞ ለአካሉ ያነሰ ነው፤ በልኩ ያልተሰፋ ባርኔጣ ይመስላል። የደቡብና የሰሜን አሠራር እዚህ በአንድ ሕንፃ ላይ ተቀላቅሏል። የውጭ ግድግዳውን የራማያና ቅርጾች ለማየት ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ለጠቅላላው ቦታ ግን ከሦስት ሰዓት በታች አትመድቡ።

ደጅ ላይ ሴቶች በቅርጫት የማሽላ ቂጣ ከእርጎና ከነጭ ሽንኩርት ዳጣ ጋር ይሸጣሉ። ዳጣው እኛንም ያቃጥላል፤ እርጎውን አስቀድሙ።

የሚመረጠው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ሚያዝያና ግንቦት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል። በክረምት ደግሞ ከላይ ያለው ግድብ ውኃ ሲለቅ ማላፕራባ ይሞላል፤ በነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. ጎርፉ ቤተ መቅደሶቹ ግቢ ድረስ ገብቷል። በዚያ ወቅት የምትሄዱ ከባዳሚ ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠይቁ።